ልጆችን ለሰውም ለዱር እንስሳትም ደህና ስለሆነ መንገድ ማስተማር፦ ለመምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ለልጆች የመንገድ ደህንነት ትምህርት ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ የሚነገራቸው «ግራና ቀኝ አይታችሁ ተሻገሩ» የሚለው ምክር ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ኃላፊነቱን በሙሉ የሚያሸክመው በሚሻገረው ላይ ነው። የዱር እንስሳትን ወደ ትምህርቱ ስናስገባ ግን ነገሩ መልኩን ይቀይራል፤ ድኩላን ግራና ቀኝ እንዲያይ፣ ኤሊን እንዲፈጥን፣ እንቁራሪትን በዜብራ ላይ እንድትሻገር ማስተማር አይቻልምና። «እንስሳውን ማስተማር ካልተቻለ ሌላ ምን ማስተካከል ይቻላል?» ተብለው የሚጠየቁ ልጆች ጥቂት ካሰቡ በኋላ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል፦ መንገዱን፣ ፍጥነቱንና አሽከርካሪውን። ከዚያም አንዱ ልጅ «ታዲያ ለእኛስ ለምን እንደዚያ አይደረግም?» ማለቱ አይቀርም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ልጆችን እዚህ ጥያቄ ላይ ለማድረስና ከዚያ በኋላ ምን መሥራት እንደሚችሉ ለማሳየት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶችም ቀዳሚው የሞት መንስኤ ይኸው አደጋ ነው። ከሟቾቹ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች አስተማሪው ሊያውቃቸው ይገባል፤ ለትንንሽ ልጆች መንገር ግን ፍርሃት ከመጨመር በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ትምህርቱ ከ6 እስከ 13 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚስማማ ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢሰጥ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይወስዳል።

1. ቦታውን አስቀድመው ይዩ፤ ደንቡንም ያውጡ

ልጆቹን ከመውሰድዎ በፊት ለምልከታ ወደሚሄዱበት መንገድ ብቻዎን ይሂዱና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቁሙ። መኪናዎች ከየት እንደሚመጡ፣ እግረኛው የት የት እንደሚሻገር፣ ከመንገዱ ጠርዝ ወጣ ብሎ ልጆች ተሰልፈው የሚቆሙበት፣ ቢቻል በአጥር ወይም በግንብ የተከለለ ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ ምልከታው ከግቢ ውስጥ ወይም ከፎቅ መስኮት ይደረግ፤ ስለ ደህንነት ለማስተማር ብሎ ልጅን ለአደጋ ማጋለጥ የትምህርቱን ዓላማ ራሱን ያፈርሳል።

ደንቦቹ ጥቂትና ጥብቅ ይሁኑ። ማንም ልጅ ወደ አስፋልቱ አይወርድም፤ የተሽከርካሪ መንገድ ላይ የሞተ ወይም የቆሰለ እንስሳ ቢታይ ማንም አይነካውም። የቆሰለ አውሬ ለማዳን የመጣውንም ሰው ይነክሳል፣ የእብድ ውሻን በሽታ የመሰሉ ሕመሞችም ከእንስሳ ወደ ሰው ይተላለፋሉና የሁለተኛው ደንብ ምክንያት ለልጆቹ በግልጽ ይነገራቸው። አንጸባራቂ ሰደርያ ካለ ሁሉም ይልበሱ፤ ለየአምስቱ ልጅ አንድ አዋቂ ይመደብ፤ የወላጆችም ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ።

2. በፍጥነት ይጀምሩ

አንድ ጊዜ ይህን ትምህርት በተገጩ እንስሳት ሥዕል ጀምሬ ነበር። ሁለት ልጆች አለቀሱ፤ የቀሩት ደግሞ ሥዕሉን እንጂ የምናገረውን አልሰሙም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የምጀምረው በገመድ ነው፤ ከመላው ትምህርት ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ ያለው ሰውም ይህንኛውን እንዲመርጥ እመክራለሁ።

የሚያስፈልገው ረጅም ገመድ፣ ሜትርና ባለቀለም ጨርቅ ነው። ሦስት ገመዶችን ለሦስት ፍጥነቶች ያዘጋጁ። መኪና ለመቆም የሚወስደው ርቀት ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው አሽከርካሪው አይቶ፣ ወስኖ፣ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ መኪናው በነበረበት ፍጥነት የሚጓዘው ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ነው። ለአሽከርካሪው አንድ ሰከንድ ተኩል ብንሰጠውና መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ጥሩ ነው ብለን ብናሰላ ውጤቱ በግምት እንዲህ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ሳይነካ 12.5 ሜትር፣ ከዚያ 5 ሜትር፣ በድምሩ 17.5 ሜትር ይጓዛል። በ60 የሚሄደው መጀመሪያ 25 ሜትር፣ ከዚያ 20 ሜትር፣ በድምሩ 45 ሜትር ይሄዳል። በ90 የሚሄደው ደግሞ 37.5 እና 45፣ በድምሩ ከ82 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። በየገመዱ ላይ ፍሬን የሚነካበትን ነጥብ ቀይ ጨርቅ ያስሩበት፤ ግቢው ጠባብ ከሆነ ርቀቶቹን ሁሉ በግማሽ ወይም በሩብ ያሳጥሩ።

ገመዶቹ ጎን ለጎን ከተዘረጉ በኋላ አንድ ልጅ ከመነሻው 20 ሜትር ርቆ በርከክ ይበልና ኤሊ ይሁን። ሌላ ልጅ «መኪና» ሆኖ በመጀመሪያው ገመድ ላይ ይራመዳል፤ ገመዱ ኤሊዋ ጋ ሳይደርስ ሁለት ሜትር ተኩል ሲቀረው ያልቃል። ሁሉም ይደሰታሉ። ከዚያ «መኪናው» በ60ው ገመድ ላይ እንዲራመድ ያድርጉና ኤሊዋ ጋ ሲደርስ ያስቁሙት፤ ቀዩን ጨርቅ እንዲፈልጉም ልጆቹን ይጠይቁ። ጨርቁ የሚገኘው ከኤሊዋ አልፎ አምስት ሜትር ላይ ነው። መኪናው ኤሊዋን ያገኛት አሽከርካሪው ፍሬኑን ገና ሳይነካ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ማብራሪያ አይጨምሩ፤ ዝም ይበሉና ልጆቹ ይናገሩ። ብዙዎቹ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አሽከርካሪው ካየኝ ይቆማል ብለው ያምኑ ነበር። ማየትና መቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላጋጠመኝም።

ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በላይ የሆኑት 5፣ 20 እና 45 የሚሉትን ቁጥሮች ይመርምሯቸው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል፤ የሒሳብ መምህሩ ቢገኙ ደስ የሚላቸው ክፍል ይህ ነው። ከዚሁ ጋር በማስመሪያ የሚሠራ አጭር ሙከራ ይጨመር። አንዱ ልጅ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ቁልቁል ይዞ ሳያስጠነቅቅ ይለቀዋል፤ ሌላው ጣቶቹን ከታች ከፍቶ ይጠብቅና ይይዘዋል። 20 ሳንቲ ሜትር ከወረደ በኋላ የያዘው ልጅ 0.2 ሰከንድ ያህል ፈጅቶበታል። ያው ልጅ ከ50 ወደ ኋላ በሦስት በሦስት እየቆጠረ ሲሞክረው ማስመሪያው ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ስልክ እያነጋገረ የሚነዳ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም።

3. መንገዱን በእንስሳው ዓይን ማየት

ልጆች «ለምን አይሸሽም?» ብለው ይጠይቃሉ። እንስሳው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ለዘመናት ከአዳኝ ሲያድነው የኖረው ብልሃት በመኪና ፊት ስለማይሠራ ነው። ኤሊ ድንጋይ ልብሷ ውስጥ ትሸሸጋለች፤ ጃርት እሾኹን ያቆማል፤ ጥንቸል ወዲያና ወዲህ እየታጠፈች ትሮጣለች፤ ድኩላ ባለበት ደርቆ ይቆማል። ልጆቹ በየተራ አንዱን እንስሳ ሆነው ብልሃቱን ያሳዩ፤ የቀሩት ብልሃቱ ከአንበሳ፣ ከውሻ፣ ከመኪና የትኛውን እንደሚያመልጥ ይፍረዱ። አንድ እንስሳ ከተሻገረ በኋላ ተከትሎት የሚወጣ ሌላ እንስሳ መኖሩንም አይርሱ፤ እናቲቱ ስታልፍ ግልገሏ ይከተላል። ጓደኛው ስለተሻገረ ብቻ ሳያይ የሚሮጥ ልጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልጆቹም ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ እንጂ አይክዱም።

የሌሊቱ ክፍል በጨለመ ክፍል ውስጥ ይሠራል። በሌሊት የሚንቀሳቀሱ ብዙ እንስሳት ከዓይናቸው ሬቲና በስተጀርባ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አላቸው፤ በጨለማ የድመት ዓይን የሚያበራው በዚሁ ምክንያት ነው። በጨለማ የሰፋው የዓይን ብሌን ድንገት የመኪና መብራት ሲገባበት እንስሳው ይደነግዛል፣ ወዴት እንደሚሸሽም ይጠፋዋል። ሰው ይህ ሽፋን የለውምና በሌሊት ዓይኑ ለአሽከርካሪ አያበራለትም። ሁለት ቦርሳዎችን፣ አንዱን ጥቁር ሌላውን አንጸባራቂ ጥብጣብ የተለጠፈበት፣ በክፍሉ ጥግ አስቀምጠው በእጅ ባትሪ ያብሩባቸው፤ ባትሪውን በግንባርዎ ልክ ሲይዙት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ በቦርሳው ላይ ጥብጣብ ይለጥፍ። የመኪና አጭር መብራት እንደየመኪናው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ከ50 እስከ 60 ሜትር ያህል ነው፤ ልጆቹ ይህን ርቀት ከ90ው ገመድ ጋር ካስተያዩት አሽከርካሪው ከመብራቱ ቀድሞ እየሄደ መሆኑን ይረዳሉ። የዱር እንስሳት በብዛት የሚንቀሳቀሱትም ጎህ ሲቀድ፣ ሲመሽና በሌሊት ነው።

4. እንስሳው መንገዱ ላይ ምን አመጣው?

መንገድ ብዙውን ጊዜ የሚቆርጠው እንስሳው ከተኛበት ወደ ውኃው ወይም ወደ ግጦሹ የሚሄድበትን ዱካ ነው። ከዚህ ሌላ መንገዱ ራሱ የሚስብበት ጊዜ አለ። አስፋልት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሙቀቱን ስለሚይዝ እባብና እንሽላሊት ሊሞቁት ይወጣሉ። ከጭነት መኪና የፈሰሰ እህል ወፎችንና አይጦችን ይጠራል።

በወረቀት የሚሠራ ሰንሰለት እዚህ ላይ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ልጅ «የሙዝ ልጣጭ» የሚል ወረቀት ይይዛል፤ ሁለተኛው አይጥ፣ ሦስተኛው አይጧን ለመያዝ ዝቅ ብላ የምትበር ጉጉት፣ አራተኛው በመኪና የተገጨችውን ጉጉት ለመብላት የሚመጣ ጅብ ወይም ጥንብ አንሳ ይሆናል። «ልጣጭ ይበሰብሳል፤ ቢጣል ምን አለበት?» የሚለውን ክርክር ብዙ አዋቂ ያነሳዋል። እውነት ነው ይበሰብሳል፤ እስኪበሰብስ ድረስ ግን በመንገዱ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ማዕድ ነው። ከመስኮት ምግብ አለመጣል አንድ ልጅ ያለ ማንም ፈቃድና እርዳታ ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለው ነገር ስለሆነ ቃል የሚገቡበት ይሁን።

5. ምልከታና ቆጠራ

አሁን ወደ መንገዱ ይወጣል። ምልከታው ከ20 ደቂቃ አይብለጥ፤ ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ ይሰላቻሉ። ልጆቹን በአራት ቡድን ይክፈሉ። አንዱ ቡድን በተመደበው ቦታ የሚሻገሩትንና ከዚያ ውጭ የሚሻገሩትን እግረኞች ይቆጥራል። ሁለተኛው በዜብራው ላይ ለእግረኛ የቆሙትንና ያልቆሙትን መኪናዎች ይመዘግባል። ሦስተኛው ፍጥነት ይለካል፦ በሁለት ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት አስቀድሞ 50 ሜትር ሆኖ ይለካና መኪናው ያንን ያለፈበት ሰከንድ በሰዓት ይያዛል፤ 180ን በሰከንዱ ሲያካፍሉ ፍጥነቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይገኛል። በ6 ሰከንድ ያለፈው በ30፣ በ3 ሰከንድ ያለፈው በ60 ይሄድ ነበር። አራተኛው ቡድን የእንስሳትን ምልክት፣ ማለትም ዱካ፣ ፋንድያ፣ በአጥር ሥር የተሾለከበት ቀዳዳ፣ የወፍ ጎጆ ይፈልጋል። የመኪና ሠሌዳ ቁጥርም ሆነ የሰው ስም እንዳይጻፍ ይከልክሉ፤ ዓላማው መንገዱን ማጥናት እንጂ ሰው መክሰስ አይደለም።

ከምልከታው በኋላ የሚነሳው ጥሩ ጥያቄ «ሰዎች ከዜብራው ውጭ የሚሻገሩት ለምንድን ነው?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልስ ዜብራው ሰው ከሚፈልገው ቦታ ርቆ መሠራቱ ነው። እንስሳም ዱካው ካለበት ቦታ በቀላሉ አይርቅም። መሻገሪያ የሚሠራው ተሻጋሪው ባለበት ቦታ መሆን እንዳለበት ልጆቹ ከገዛ ቁጥራቸው ያነቡታል። በነገራችን ላይ ዜብራ ማለት የሜዳ አህያ ማለት መሆኑን የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው፤ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ነጭና ጥቁር መስመር ስሙን ያገኘው ከእንስሳው ነውና ቀልድ ለሚወዱ አስተማሪዎች ጥሩ መግቢያ ይሆናል።

6. መፍትሔውን በአሸዋ ላይ መሥራት

በሰፊ ሣጥን ወይም በግቢው ጥግ ላይ አሸዋ ያፍስሱ፤ ካርቶን መንገድ፣ ጠጠር መኪና፣ ቅጠል ዛፍ ይሁን። በአንድ በኩል ውኃ፣ በሌላው በኩል ጫካ ይደረግ። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት በዓለም ላይ በእውን የተሠሩትን ይንገሯቸው፤ ይህ ክፍል ተስፋ የሚሰጥ በመሆኑ አይቸኩሉበት።

በካናዳ የባንፍ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ 6 የእንስሳት ድልድዮችና 38 የሥር መሻገሪያዎች ተሠርተው መንገዱ በሁለት በኩል ታጥሯል፤ የመኪናና የዱር እንስሳት ግጭትም ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። በድልድዮቹ ላይ አፈር ተሞልቶ ሣርና ዛፍ በቅሎባቸዋል። ትልቁ ቡናማ ድብና ተኩላ ሰፊውንና ገላጣውን ድልድይ ሲመርጡ፣ ጥቁሩ ድብ ጠባቡን የሥር መሻገሪያ ይመርጣል፤ አንዳንዶቹ መሻገሪያውን እስኪለምዱ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። በኬንያ፣ ከኬንያ ተራራ በስተሰሜን፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጀመሪያ አንሥቶ ዝሆኖች በአውራ ጎዳና ሥር በተሠራላቸው ሰፊ መተላለፊያ ያልፋሉ። በዚያው አገር በዲያኒ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ለጉሬዛዎች ከመንገዱ በላይ ከዛፍ ወደ ዛፍ መሰላል መሰል ድልድይ ተዘርግቶላቸዋል። የአውስትራሊያ ግዛት በሆነችው በክሪስማስ ደሴት በዝናቡ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቀይ ሸርጣኖች ከጫካ ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገዶች ይዘጋሉ፤ ለእነሱ ብቻ የተሠራ ድልድይም አለ።

ከዚያ ልጆቹ ይሥሩ። አንዱ ቡድን አጥር ብቻ፣ ሌላው ድልድይ ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አንድ ላይ ይሥራ፤ ዓይኑ የተሸፈነ አንድ ልጅ ደግሞ ጣቱን እንደ እንስሳ ከጫካው ወደ ውኃው ይምራ። አጥር ብቻ ያለበት ጣት ከውኃው ይቀራል፤ ድልድይ ብቻ ያለበት ጣት ድልድዩን ስቶ መንገዱ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱም ያሉበት ጣት አጥሩን እየዳሰሰ ድልድዩ ጋ ይደርሳል። መሐንዲሶች አጥርንና መሻገሪያን አንድ ላይ የሚሠሩበት ምክንያት ይኸው ነው። የውኃ መውረጃ ቱቦም ውኃው ከሚደርስበት ከፍ ብሎ ደረቅ መረማመጃ ቢበጅለት ለትንንሽ እንስሳት መተላለፊያ ስለሚሆን፣ ርካሽ መፍትሔ የሚወዱ ልጆች በዚህ ይደሰታሉ።

በዚያው አሸዋ ላይ ለሰውም ይሠራ፦ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ የእግረኛ መንገድ፣ በመንገዱ መሐል የእግረኛ ማረፊያ፣ የመንገድ መብራት። የትኛው ለእንስሳም ለሰውም እንደሚጠቅም፣ የትኛው አንዱን ረድቶ ሌላውን እንደሚጎዳ ይከራከሩ። መብራት ለእግረኛ ጥሩ ነው፤ በጫካ መሐል ሲሆን ግን የሌሊት እንስሳትን ያውካል። ፍጥነት መቀነስን የሚቃወም ተሻጋሪ ግን በሁለቱም ወገን አይገኝም።

7. ልጁ ምን ያድርግ? ምን አይጠየቅ?

በመኪና ሲጓዝ ልጁ «ተመልካች» ይሁን፤ በተለይ ሲመሽ የመንገዱን ጠርዝ እያየ እንስሳ ሲያይ በረጋ ድምፅ «በቀኝ በኩል እንስሳ አለ» ይበል። ጩኸት አሽከርካሪውን ያስደነግጣልና አስቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል። አሽከርካሪውም መሪውን በድንገት ከማዞር ይልቅ መስመሩን ሳይለቅ ፍጥነቱን መቀነስ እንዳለበት ልጆቹ ይወቁ፤ ትንሽ እንስሳ ለማትረፍ ተብሎ መኪና ቢገለበጥ የሰው ሕይወት ያልፋል። በእግር ሲሄድ ከቆመ መኪና ጀርባ ድንገት አለመውጣትን፣ ከመሻገር በፊት መቆምን፣ የአሽከርካሪውን ዓይን መፈለግንና መኪናው በትክክል እስኪቆም መጠበቅን ይለማመድ።

ትንንሾቹ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት በትክክል መገመት ያዳግታቸዋል፤ ይህ የዕድሜያቸው ጉዳይ ነው፣ በተግሣጽም አይፈጥንም። ስለዚህ የስድስት ዓመት ልጅ ብቻውን ትልቅ መንገድ እንዲሻገር አይጠየቅም፤ ከኤሊዋ በጥቂቱ ቢሻል ነው።

8. ደብዳቤው

ልጆቹ የሰበሰቡትን ቁጥር፣ የመንገዱን ካርታና አንድ ጥያቄ ይዘው መንገዱን ለሚያስተዳድረው አካል ደብዳቤ ይጻፉ። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፤ አሥር ነገር የሚጠይቅ ደብዳቤ መልስ አያገኝም። «በትምህርት ቤታችን በር ፊት በ20 ደቂቃ ውስጥ ይህን ያህል ሰው ተሻገረ፤ ከለካናቸው መኪናዎች ይህን ያህሉ ከ30 በላይ ይሄዱ ነበር፤ ጉብታ እንዲሠራ እንጠይቃለን» የሚል ደብዳቤ ከረጅም ልመና ይልቅ ይነበባል። ከልጆቹ አንዱ ያስመሰለውን የአሸዋ ሥራ ፎቶግራፍ አያይዙበት።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ቆጠራውን ይድገሙ። ጉብታው ተሠርቶ ከሆነ ልጆቹ አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ አልተሠራ ከሆነም ሁለቱን ሠንጠረዦች አያይዘው ሁለተኛውን ደብዳቤ ይጻፉ።